ውኃን በጀርባ፦ ለረጅም የተራራ ብስክሌት ጉዞ የሚስማማውን ቦርሳ ስለ መምረጥ

(የመግቢያ ዜማ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዝቅ ይላል።)

ብስክሌትን ከአስፋልት አውጥታችሁ በጫካ ፍኖት፣ በድንጋያማ ዐቀበትና በጠባብ ቁልቁለት መንዳት የምትወዱ ወጣቶች፣ ልጆቻችሁም ማለዳ ብስክሌታቸውን እየገፉ ከበር ሲወጡ «ስንቃቸውን ይዘው ይሆን?» እያላችሁ በሐሳብ የምትከተሏቸው ወላጆች፣ የዛሬው ትምህርታችን ለሁላችሁም የተዘጋጀ ነው።

የምንነጋገረው ነገረ ውኃን፣ ይልቁንም ውኃን በጀርባ ስለሚያሸክመው ቦርሳ ነው፤ ይኸውም በውስጡ ለስላሳ የውኃ ከረጢት ያለበት፣ ከከረጢቱም ቀጭን ቱቦ ተነሥቶ በትከሻ ላይ አልፎ እስከ አፍ የሚደርስ፣ ነጂው መሪውን ሳይለቅ ጥሙን የሚያርስበት ዕቃ ነው። ከዓይነቶቹም መካከል እጅግ ያላነሰውን፣ እጅግም ያልተለቀውን፣ ሙሉ ቀን ለሚፈጅ ጉዞ የሚበቃውን ማእከላዊውን እንመለከታለን።

በቅድሚያ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። አንድ ብስክሌተኛ እንዲህ ያለውን ቦርሳ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው ምንድን ነው? ቀለሙን ነውን? የኪሶቹን ብዛት ነውን? ወይስ በላዩ የተጻፈውን የድርጅት ስም? እኔ እንደማምነው ከእነዚህ አንዱንም አስቀድሞ ማየት አይገባውም። ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር መለካት አለበት፤ አስቀድሞ ቀኑን፣ ቀጥሎም ጀርባውን። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ቀኑን ለኩ፣ ጀርባችሁን ለኩ።

(አጭር ዜማ።)

ለመሆኑ ይህ ዕቃ ከየት መጣ? በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ፣ ዊቺታ ፎልስ በምትባል ከተማ፣ የከተማይቱን መቶኛ ዓመት ለማክበር እ.ኤ.አ. በ1982 የተጀመረ የብስክሌት ጉዞ አለ። ርዝመቱ መቶ ማይል፣ ማለት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሚደረገውም በነሐሴ፣ የዚያ አገር ሙቀት እሳት በሚሆንበት ወራት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ማይክል አይድሰን የሚባል፣ ሥራው ድንገተኛ አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎች በአምቡላንስ ላይ መርዳት የሆነ ሰው፣ በዚህ ጉዞ ላይ ጥም እንዳይጥለው አስቦ አንድ ብልሃት ፈጠረ። ለሕመምተኛ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ የሚንጠለጠልበትን ከረጢት ውኃ ሞላው፤ ከረጢቱን በረጅም ካልሲ ውስጥ ከተተ፤ ካልሲውን ከማልያው ጀርባ ላይ ሰፋው፤ ቱቦውንም በትከሻው ላይ አሳልፎ በልብስ መቆንጠጫ አጣበቀው። ካሜልባክ የሚባለው ድርጅት የተመሠረተው ከዚህ ሐሳብ ነው፤ ሌሎችም ድርጅቶች ይህንኑ መንገድ ተከተሉ።

ልብ በሉ፣ በዚያ በመጀመሪያው ቦርሳ ላይ አንድም ኪስ አልነበረም። ውኃ፣ ቱቦና አፍ ብቻ ነበሩ። ዛሬ በየሱቁ ዐይናችንን የሚማርኩት ዚፖችና ማንጠልጠያዎች ሁሉ ኋላ የመጡ ናቸው፤ ስለዚህም ለመምረጥ ስትነሡ ከውኃው ጀምራችሁ ወደ ኪሱ ሂዱ እንጂ ከኪሱ ጀምራችሁ ወደ ውኃው አትሂዱ።

«በብስክሌቱ አካል ላይ የሚታሠረው ጠርሙስ ምን ጎደለው?» የምትሉ እንዳላችሁ እገምታለሁ። በለስላሳ መንገድ ላይ ምንም አልጎደለውም። በተራራ ላይ ግን ድንጋዩ መሪውን በሚያንቀጠቅጥበት፣ ሁለቱም እጆች ፍሬን ጠብቀው መቆየት በሚገባቸው ስፍራ፣ ጎንበስ ብሎ ጠርሙስ መንቀል አደጋ አለው፤ ነጂውም «ሜዳ ስደርስ እጠጣለሁ» እያለ ጥሙን ያሳድራል። በዚያም ላይ ከብት በሚነዳበት መንገድ የፊተኛው ጎማ የሚረጨው ጭቃ በቀጥታ የሚያርፈው በጠርሙሱ አፍ ላይ ነው። ቱቦው ግን ከደረት ላይ ስለሆነ ንጽሕናው ይጠበቃል፤ ቅርብ ስለሆነም ሰው ሳይዘነጋ ጥቂት ጥቂት ይጎነጫል።

(ዜማ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል።)

አሁን ቀኑን እንለካ። ለምሳሌ እንዲሆነን የባሌን ተራራ እናንሣ። አንድ ወጣት ማለዳ ከጎባ ተነሥቶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ከፍ ወዳለው ወደ ሳነቲ ሜዳ ወጥቶ፣ ጅብራው እንደ ዘበኛ በቆመበት በዚያ ሰፊ ደጋ ላይ አቋርጦ፣ በሐረና ደን በኩል በሪራ አድርጎ ወደ ደሎ መና ሊወርድ አሰበ እንበል። መንገዱ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን ለማየት ቆም ማለቱም አይቀርም፤ ይህን ሳያይ የሚያልፍ ሰው እኔ በበኩሌ አዝንለታለሁ።

እስኪ ይህ ወጣት ምን ይገጥመዋል? ሽቅብ ሲወጣ ላብ ያጠምቀዋል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ነፋሱ ያንኑ ላብ በገላው ላይ ያቀዘቅዘዋል። ወደ ደኑ ሲወርድ ጉም ወይም ዝናብ ያገኘዋል፤ ከደኑ በታች ደግሞ ቆላው በሙቀት ይቀበለዋል። በላይኛው ሜዳ ላይ ውኃና ዳቦ የሚሸጥ ሱቅ የለም። እንግዲህ ይህ ቀን ከነጂው የሚጠይቀው ብዙ ውኃ፣ አንድ የሚሞቅ ልብስ፣ አንድ የዝናብ ልብስ፣ ምግብና የጥገና መሣሪያ ነው። ቀን መለካት ማለት ይህ ነው።

ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ስለ ውኃ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ ላብ ወዲያው ይተንናል፤ ሰውየውም ገላው ደረቅ መሆኑን አይቶ ያላላበው ይመስለዋል። ከዚህም ሌላ በዐቀበት ላይ አብዝቶ በተነፈሰ ቁጥር ከሳንባው ርጥበት እየወጣ ይሄዳል። ብርድ ስለሆነ ጥም አይሰማውም፤ ሰውነቱ ግን ውኃ እየጎደለው ነው።

ታዲያ ምን ያህል ውኃ ይበቃል? ለብዙ ሰዎች በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር የሚሆን ውኃ መነሻ ሆኖ ያገለግላል፤ ነገር ግን የሰው ተፈጥሮ ልዩ ልዩ ስለሆነ የራሳችሁን ልክ ራሳችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ከጉዞ በፊትና ከጉዞ በኋላ ሚዛን ላይ ውጡ። 60 ኪሎ የነበረ ሰው ሁለት ሰዓት ነድቶ፣ በመካከሉም ግማሽ ሊትር ጠጥቶ፣ ሲመለስ 59 ኪሎ ቢሆን፣ የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ነውና፣ ከጠጣው ግማሽ ሊትር ጋራ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ አውጥቷል። በሰዓት ሦስት አራተኛ ሊትር ማለት ነው። ይህን ቀላል ሒሳብ ያወቀ ሰው ቦርሳ ሻጩ የሚነግረውን ሁሉ እንዲያው አይቀበልም።

ከመጠን በላይ መጠጣትም እንደ ጥም ሁሉ ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ከሮጡ ሰዎች ደም ተወስዶ ሲመረመር፣ ከስምንቱ የአንዱ ያህል በደሙ ያለው ሶዲየም ከተገቢው በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ በሩጫው ጊዜ አብዝተው ጠጥተው ክብደት የጨመሩትም ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ነበሩ። ስለሆነም ከለኩት ልክ ሳያልፉ ውኃን ጥቂት ጥቂት እየተጎነጩ፣ በረጅም ጉዞ ላይ ጨው ያለበት ምግብ ማስከተል ይገባል።

(አጭር ዕረፍት። የሚፈስ ውኃ ድምፅ።)

በገበያ ላይ የሚገኘው የውኃ ከረጢት ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ይይዛል። እንደ ሳነቲ ላለ ቀን ሦስት ሊትሩን ምረጡ፤ ለአጭር ጉዞ ጎደል አድርጋችሁ መሙላት ትችላላችሁና። «አምስት ሊትርስ ብንሸከም?» ቢባል፣ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ መሆኑን አትርሱ። ከሦስት ሊትር በላይ የሚያስፈልገውን ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ በብስክሌቱ ላይ እሰሩት፤ ብረቱ ይሸከመው፣ ጀርባችሁ ይረፍ። ከመንገድ የሚቀዳ ውኃ ደግሞ ምንም ጥሩ መስሎ ቢታይ፣ ሳይጣራ ወይም በእንክብል ሳይታከም አይጠጣ።

ቦርሳው ራሱስ ምን ያህል ይሁን? ማእከላዊ የምንለው ከ10 እስከ 14 ሊትር የሚይዘውን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠይቁ፦ በቦርሳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ውኃውን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር? አንዱ ድርጅት ጨምሮ ይጽፋል፤ ሌላው ለይቶ ይጽፋል። 12 ሊትር የተባለው ቦርሳ የሦስት ሊትሩ ከረጢት ሲገባበት ለዕቃችሁ ዘጠኝ ብቻ ሊተርፍ ይችላል።

ለዚያ ለባሌው ወጣት ይህ ይበቃዋል። የዝናብ ልብሱ፣ ተጣጥፎ ጭብጥ የሚያህል የሚሞቅ ልብስ፣ መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ ካቴና ሲበጠስ የሚቀጠልበት መሣሪያ፣ የቁስል ማሰሪያ፣ ስልክ፣ ምግቡም ከአገሩ ሳይወጣ ጥሩ ጭኮ፣ ወይም ቆሎና በሶ። ከዚህ የሚተልቅ ቦርሳ የገዛ ሰው ባዶውን ቦታ አይቶ ዝም አይልም፤ «ለማንኛውም» እያለ ይጨምራል፣ ጾሩም በዐቀበቱ ላይ ይከብደዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ እኔ ወደ ማነሱ አደላለሁ።

(ዜማ።)

አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ። ጀርባችሁን ለኩ ብያችኋለሁ። እንዴት? አንገታችሁን ወደ ፊት ስታጎነብሱ ከኋላ ጎልቶ የሚወጣ አጥንት አለ፤ ከእርሱ ጀምሮ በአከርካሪው ላይ ወደ ታች፣ እጃችሁን በወገባችሁ ላይ ስታሳርፉ አውራ ጣቶቻችሁ እስከሚያመለክቱት የዳሌ አጥንት ትይዩ ድረስ፣ አንድ ሰው በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካላችሁ። ይህ የጀርባችሁ ርዝመት ነው። ጥሩ ቦርሳ ሠሪዎች የትኛው ልክ ለየትኛው ጀርባ እንደሚሆን ያሳውቃሉ፤ ጀርባቸው አጠር ላለና ትከሻቸው ጠበብ ላለ ሴቶችም ማንገቻው በሌላ ቅርጽ የተቆረጠ ዓይነት አላቸው።

አጋሰስ የጫነ መንገደኛ ጭነቱን ከመመዘኑ ይልቅ አስተሳሰሩን አጥብቆ እንደሚመረምረው፣ ብስክሌተኛም ከክብደቱ ይልቅ ክብደቱ የት እንዳረፈና ይነቃነቅ እንደሆነ መመርመር ይገባዋል። ከፍ ብሎ በትከሻ አጠገብ የተሰቀለ ውኃ በየመታጠፊያው ሰውነትን ወደ ጎን ይጎትታል፤ ዝቅ ብሎ በወገብ ላይ የተቀመጠው ግን አይሰማም ማለት ይቻላል። ስለዚህም ከረጢቱ ዝቅ ብሎ የሚተኛበትን ቦርሳ ካገኛችሁ አትለፉት።

የወገቡ ቀበቶ በሆድ ላይ ሳይሆን በዳሌ አጥንት ላይ ይታሠር። የደረቱ ማሰሪያ ማንገቻዎቹን ለመሰብሰብ ብቻ ነውና ትንፋሽ እስኪያግድ አይጥበቅ። ዘለበቱን በጓንት እጅ ከፍታችሁ ዝጉ፤ በብርድ ላይ የማይታዘዝ ዘለበት ያስመርራል።

ሱቁ ውስጥ ማድረግ የሚገባችሁ ዋናው ነገር እነሆ። ቦርሳውን ባዶውን አንሥታችሁ «ቀላል ነው» አትበሉ፤ ባዶ ቦርሳ ሁሉ ቀላል ነው። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከረጢቱን በውኃ አስሞሉ፤ አዝላችሁ፣ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አጥብቃችሁ፣ የራስ ቁራችሁን ደፍታችሁ፣ በብስክሌት ላይ እንዳለ ሰው ወደ ፊት አጎንብሱ። ከዚያ ቀና ብላችሁ ሩቅ ተመልከቱ። የራስ ቁሩ የኋላ ጠርዝ ከቦርሳው ጫፍ ጋራ ይጋጫልን? ከተጋጨ በቁልቁለት ላይ ዐይናችሁን ወደ መሬት ይደፋዋልና ያንን ቦርሳ መልሱት። ቀጥሎም ባላችሁበት ዝለሉ። ቦርሳው ከእናንተ ጋራ ይዘላል ወይስ ከእናንተ በኋላ? በኋላ የሚዘል ከሆነ ልኩ አይደለም።

ውኃው ውስጡ ሲንቦጫረቅ ከሰማችሁ ግን ጥፋቱ የቦርሳው አይደለም። ከረጢቱ ውስጥ አየር ቀርቶ ነው። ከሞላችሁት በኋላ ገልብጣችሁ ያዙትና አየሩን በቱቦው ምጠጡ፤ ድምፁ ይጠፋል።

ስለ ጀርባው ንጣፍም ጥቂት ልበል። አንዳንዱ ቦርሳ ነፋስ እንዲያልፍ በተወጠረ መረብ ከጀርባ ራቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሌላው መካከሉ ቦይ ባለው ስፖንጅ በቀጥታ ጀርባ ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው ያቀዘቅዛል፣ ነገር ግን ክብደቱን ከሰውነት ስለሚያርቅ ይወዛወዛል። ለድንጋያማ መንገድ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ጀርባ ቢያልበው ይደርቃል።

ቱቦውን ደግሞ በቅርብ እዩት። ጫፉ ላይ ለስላሳ የሲሊኮን መጥመጫ አለ፤ በጣታችሁ ጫን ብትሉት አፉ ላይ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ሲከፈት ታያላችሁ፤ ስትለቁት ይገጥማል። ለቃችሁት ጠብ የሚል ከሆነ ሌላ ይቀየርላችሁ። ከመጥመጫው በታች ውኃውን ጨርሶ የሚዘጋ ትንሽ መቆለፊያ ያለውን ምረጡ፤ ቦርሳው መኪና ላይ ሲጫን ልብሳችሁን ከመራስ ያድነዋል። እንደ ሳነቲ ባለ ውርጭ ስፍራ ከጠጣችሁ በኋላ በቱቦው ውስጥ የቀረውን ውኃ ወደ ከረጢቱ መልሳችሁ ንፉት፤ በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ያለው ውኃ ከሁሉ አስቀድሞ በረዶ የሚሆን ነውና።

(አጭር ዜማ።)

ከአድማጮቻችን መካከል ቦርሳውን ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ እጅ የምታስመጡ ብዙዎች ናችሁ። ለዚያ ዘመድ «ጥሩ ቦርሳ አምጣልኝ» ብቻ ብላችሁ አትላኩ። የጀርባችሁን ርዝመት በሴንቲ ሜትር፣ የውኃውን መጠን ሦስት ሊትር፣ የቦርሳውን መጠን ከ10 እስከ 14 ሊትር ብላችሁ ጻፉ። የሚቻለው ከሆነም አንድ ትርፍ መጥመጫ እንዲጨምር ንገሩት፤ ብዙ ቦታ አይፈጅም፣ እዚህ ግን ሲጠፋ በቀላሉ አይገኝም።

በመጨረሻም ንጽሕናው። በከረጢቱ ውስጥ ንጹሕ ውኃ ብቻ ይግባ። ስኳር ያለበት መጠጥ በጠርሙሱ ይሁን፤ ስኳር በቱቦ ውስጥ ሲያድር ሻጋታ ያበቅላልና። መጥመጫውን ነቅላችሁ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ተመልከቱ፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ካያችሁ ሻጋታው ጀምሯል። ለብ ባለ ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ ከረጢቱንና ቱቦውን ሙሉ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ በቀጭን ብሩሽ ፈትጉት፣ ደጋግማችሁም አለቅልቁት።

ማድረቁ ከማጠቡ ይበልጣል። ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ሁለቱ ገጾች እንዳይጣበቁ በመካከላቸው ንጹሕ የእንጨት ማንኪያ አስገብታችሁ፣ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት፤ ቱቦውንም ለብቻው አንጠልጥሉት። ለማድረቅ ጊዜ ያጣ ሰው፣ ማቀዝቀዣ ካለው፣ ውኃውን አንጠፍጥፎ ከረጢቱን በበረዶ ቤቱ ውስጥ ያሳድረው፤ በዚያ ሻጋታ አያድግም።

በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት በረጅም ቁልቁለት ላይ ስለ ፍሬን አያያዝ እንነጋገራለን። ስለ ዛሬው ትምህርት ጥያቄ ያላችሁ፣ የምትነዱበትን መንገድና የጀርባችሁን ልክ ጨምራችሁ ጻፉልን። ደኅና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ዜማ።)